ከሣር የሚጀምር ስፌት

በብዙ ከተሜ ቤት መሶብ አለ። ማን ሰፋው ሲባል ግን መልሱ ወይ አያት ናት ወይ ገበያ። ያንኑ ሙያ ከሥራ መልስ፣ ሳሎን ውስጥ ተቀምጦ፣ ለራስ ደስታ ብቻ መማር እንደሚቻል ብዙ ሰው አያስበውም። ስፌት ግን ለጀማሪ ከሚመቹት የእጅ ሥራዎች አንዱ ነው። ማሽን አይፈልግም፣ ሰፊ ቦታ አይፈልግም፣ በመሃል ተቋርጦ ከሳምንት በኋላ ቢቀጥልም አይበላሽም። ወስፌ፣ መቀስ፣ ውኃ የያዘ ሳህንና አንድ እስር ሣር ከተገኘ ሥራው ተጀመረ ማለት ነው።

አሠራሩ ጥንታዊ ነው። በግብፅ፣ ፋዩም በተባለው ስፍራ፣ በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የተቆፈሩ የእህል ጉድጓዶች ውስጣቸው እየተጠመጠመ በተሰፋ ስፌት ተለብጦ ተገኝቷል፤ ዕድሜውም ከ6000 ዓመት በላይ ነው። የእኛም ሰፌድ፣ እንቅብ፣ ሙዳይና መሶብ የሚሰፉት በዚሁ ስልት ነው። ሙሌት የሚሆኑ ጥቂት የሣር ዘንጎች አንድ ላይ ተይዘው እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት እየዞሩ ይሄዳሉ። ሌላ ቀጭን ሣር ይጠመጠምባቸዋል፤ በየጥምጥሙም ከሥር ያለው ዙር በወስፌ ይበሳና ሣሩ በቀዳዳው ያልፋል። ትልቁም መሶብ፣ ትንሿም የስኒ ማስቀመጫ ከዚህ የተለየ ምስጢር የላቸውም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚጨነቀው ስለ ጥለቱ ነው። የስፌቱ ነገር የሚወሰነው ግን ከዚያ አስቀድሞ፣ በሣሩ ነው። በደጋው አገር ስሙ የሚነሣው ስንደዶና አክርማ ነው። አክርማ የዳጉሳ የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዕፅዋት ሊቃውንት ሁለቱንም ኢሉሲን በተባለው አንድ ወገን ይመድቧቸዋል። ጠንካራ ስለሆነ ከብት እምብዛም አይወደውም፤ ለሰፊ እጅ የተመቸውም በዚሁ ጥንካሬው ነው። ስንደዶ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲያብብ ይደርሳል። የገጠር ልጃገረዶች ተጠራርተው የሚወጡበት ወቅት ነው። የስንደዶ ዘንግ ከነሥሩ አይመነገልም፤ ከሽፋኑ ውስጥ ተመዞ ስለሚወጣ ግንዱ ለከርሞ ይተርፋል። ከከተማ ወጣ ብሎ የመስከረምን ሜዳ ለማየት ከዚህ የተሻለ ሰበብ ማግኘት ያስቸግራል።

ሣሩ ከደረቀ በኋላ ወዲያው አይሰፋም፤ መጠምጠሚያው ውኃ ሊቀምስ ይገባል። ደረቅ ሣር ሲታጠፍ ይሰነጠቃል። ከመጠን በላይ የራሰ ደግሞ ሲደርቅ ይኮማተርና ስፌቱ ይላላል። አዋቂዎቹ ጥቂት ጥቂቱን እያራሱ፣ ቀሪውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው አጠገባቸው ያኖሩታል።

ከሁሉም የሚያስቸግረው መነሻው ነው። የመጀመሪያው ዙር ከአዝራር አይበልጥም፤ ጣት አይይዘውም፣ ወስፌው ይንሸራተታል፣ ሁለት ሦስት ጊዜም ይፈታል። እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ዙር ላይ ሲደረስ ሥራው በእጅ ይጨበጣል፣ እጅም ይለምዳል። ከዚያ በኋላ ሁለት ነገር መጠበቅ ነው። አንደኛው የሙሌቱ ውፍረት ነው፤ አንዱ ዘንግ ሊያልቅ ሲል ሌላው በመሃሉ ይሰካል እንጂ ሁሉም እኩል እስኪያልቅ አይጠበቅም። ሁለተኛው የእጅ አጠባበቅ ነው። ሙሌቱ በጣም ከተሳበ ጠፍጣፋ ይሆናል የተባለው ስፌት እንደ ሳህን ይጎደጉዳል፤ በጣም ከላላ ደግሞ ጠርዙ እንደ ጀበና ማቶት መቀመጡ ቀርቶ ይወላገዳል። በየሁለት ዙሩ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቶ ማየት ጥፋቱን ገና በጊዜው ያሳያል። መጎድጎዱ ሆን ተብሎ ሲፈለግ ግን መንገዱ ሌላ ነው፦ አዲሱ ዙር ከአሮጌው ጎን መሆኑ ቀርቶ ላዩ ላይ ከተቀመጠ ግድግዳው ይነሣል፣ ሙዳይም ይጀመራል።

ቀለም የተነከረው የስፌት ሣር አለላ ይባላል። ዛሬ አብዛኛው ከገበያ በተገዛ የዱቄት ቀለም ይነከራል፤ ለጀማሪ ግን ወጥ ቤቱ ይበቃዋል። የቀይ ሽንኩርት ልጣጭ ሲቀቀል ከቢጫ እስከ ቡናማ የሚደርስ ሞቅ ያለ ቀለም ይሰጣል። እርድ ደማቅ ቢጫ ይወጣዋል፤ ፀሐይ ላይ ግን ቶሎ ስለሚደበዝዝ መስኮት አጠገብ ለሚቀመጥ ዕቃ አይመከርም። የተነከረው ሣር የሚደርቀውም በጥላ ነው።

ስንደዶና አክርማ በሌለበት አገር ያለ ሰውም አይቀርበትም። ወደ እስራኤል የሄዱ የቤተ እስራኤል እናቶች ሙያውን ይዘውት ተሻግረዋል፤ የአገር ቤቱን ሣር ባላገኙበት በራፊያና በጥልፍ ክር ሰፍተዋል። ራፊያ ከዘንባባ ዓይነት ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ለስላሳ ቃጫ ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ የእጅ ሥራ ዕቃ መሸጫዎች ይገኛል። ለሙሌቱ ወፍራም ገመድ ቢገባ ለመጀመሪያ ሥራ እንዲያውም ይቀላል፣ ውፍረቱ አይለዋወጥምና።

ሐረር ላይ ሙያው የሚተላለፍበት መንገድ በተለይ ልብ ይስባል። ልጃገረዶች ሞይ ጋር በሚባለው ስብስብ፣ አንዲት ባለሙያ እናት ቤት ተሰባስበው ይማሩ ነበር። የሠሩት ስፌትም በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይሰቀላል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ ጁገል ውስጥ ዛሬም ይህ ይታያል። ብቻን ከመሥራት ይልቅ ሁለትና ሦስት ሆኖ፣ ቡና እየተፈላ መስፋት ለምን እንደሚቀል የሞከረው ያውቀዋል፤ የአንዷን ስሕተት ሌላዋ ቶሎ ታየዋለች፣ ጨዋታውም የጣትን ድካም ያስረሳል።

የመጀመሪያው ሥራ ከመዳፍ ባይበልጥ ይመረጣል። አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያላት የስኒ ማስቀመጫ በጥቂት ምሽቶች ታልቃለች። መጨረሻ ላይ ሙሌቱ ቀስ በቀስ እየሳሳ ከጠርዙ ጋር ይዋሃዳል፤ የመጠምጠሚያው ጫፍም ወደ ኋላ ተመልሶ በሦስት አራት ጥምጥም ሥር ይደበቅና ትርፉ ይቆረጣል። ከዚያ ሁለተኛዋ ትጀመራለች፤ የመጀመሪያዋ ከጎኗ ተቀምጣ፣ የትኛው ዙር ላይ እጅ እንደላላ እያሳየች።