ከረቢየህ እስከ አጅሉን፦ በዕረፍት ቀንሽ የምትሄጂባቸው የእግር መንገዶች

ረቢየህ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ ዳገት አዲስ ነገር አይሆንብሽም። ሰፈሩ ራሱ ኮረብታ ላይ ነው። ከሱቅ ዕቃ ተሸክመሽ ስትመለሺ ዳገት፣ ቆሻሻ ልትጥዪ ስትወጪ ቁልቁለት፣ ቤት ስትገቢ ደግሞ የሚታጠብ ደረጃ ይጠብቅሻል። ስለዚህ አንድ ሰው መጥቶ «የእግር ጉዞ ለጤና ጥሩ ነው» ቢልሽ «ኧረ እኔ መቼ ተቀመጥኩና!» ብትዪ አይፈረድብሽም።

ግን የቤት ሥራና የእግር ጉዞ ለሰውነት አንድ አይደሉም። ቤት ውስጥ ስትሠሪ ጎንበስ ቀና ትያለሽ፣ ልብስ ስትተኩሺ አንድ ቦታ ትቆሚያለሽ፣ ምንጣፍ ትጎትቻለሽ። ወገብ፣ ጉልበትና የእጅ አንጓ ይደክማሉ፤ ልብና ሳንባ ግን ሳያቋርጡ ለረጅም ደቂቃ የሚሠሩበት ጊዜ ትንሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው። መካከለኛ ማለት እየተራመድሽ ማውራት ትችያለሽ፣ መዝፈን ግን ያቅትሻል። ሌላው ነገር ፀሐይ ነው። ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ የሚውል ሰው ቫይታሚን ዲ ያንሰዋል፤ አጥንትና ጡንቻ መቆርጠም፣ ድካም፣ አንዳንዴም ምክንያቱ የማይታወቅ የሚመስል ሕመም ከዚህ ሊመጣ ይችላል። ስለ አእምሮ ዕረፍቱ ብዙ ማውራት አያስፈልግም፤ ከአራት ግድግዳ ወጥታ ከአገሯ ልጅ ጋር በአማርኛ ሁለት ሰዓት ያወራች ሴት ታውቀዋለች።

ከመንገዱ በፊት ግን በሩ አለ። ዮርዳኖስ የቤት ሠራተኞችን በአሠሪና ሠራተኛ ሕጓ ውስጥ ያስገባችው እ.ኤ.አ. በ2008 ሲሆን፣ ዝርዝሩን የያዘው ደንብ ቁጥር 90 በ2009 ወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት አለሽ። ቀኑን ከአሠሪሽ ጋር ትስማሚያላችሁ፤ ዓርብ ብቻ መሆን አለበት የሚል ነገር የለም። የመጀመሪያው ደንብ ከቤት ለመውጣት የአሠሪ ፈቃድ ይጠይቅ ነበር፤ በ2011 ሲሻሻል ይህ ተነሣና ማሳወቅ በቂ ሆነ። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ትልቅ ነው። መውጣት መብትሽ ነው፤ ከአንቺ የሚጠበቀው መናገር ነው።

መናገሩን ደግሞ በቀልድ አትዪው። ሳትናገሪ ወጥተሽ ብትዘገዪ አሠሪሽ «ጠፍታለች» ብላ ፖሊስ ጋ ልታመለክት ትችላለች፤ ያ ማመልከቻ ኢቃማሽን ያበላሽብሻል። ስለዚህ በቃል ብቻ አይሁን፣ በዋትሳፕም ይጻፍ። አጭር ዓረብኛ ይበቃል፦ «ማዳም፣ ቡክራ ዑጥለቲ፣ ብርጀዕ ሳዓ ሲተ»፤ ነገ ዕረፍቴ ነው፣ በ12 ሰዓት ማታ እመለሳለሁ ማለት ነው። እነሱ ስድስት የሚሉት የእኛ አሥራ ሁለት መሆኑን አትርሺ፤ በዚህ የሰዓት አቆጣጠር የተነሣ ስንት ጭቅጭቅ ተነሥቷል! ከቻልሽ አንድ ቀን ሳይሆን ሁለት ሦስት ቀን ቀድመሽ ተናገሪ፤ ማዳም እንግዳ ጠርታ እንዳትገኝ። ኢቃማሽን ይዘሽ ውጪ። ዋናው እነሱ ጋ ከሆነ ቢያንስ የሁለቱንም ገጽ ፎቶ ስልክሽ ላይ ያዢ። ፓስፖርትሽን ማስቀመጥ ግን አሠሪሽ መብት የላትም።

ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወጪ ከሆነ ከሰፈርሽ አትራቂ። ከረቢየህ ቅርብ የሆነው ዛፍ ያለበት ቦታ የሑሴን ስፖርት ከተማ ነው፤ ሰው ሁሉ «መዲና ሪያዲያ» ይለዋል። ጠዋትና ማታ ሴቶች በጥድ ዛፎቹ ሥር በቡድን ሲራመዱ ታያለሽ፤ ማንም ዞሮ አያይሽም። ወደ ምዕራብ ትንሽ ራቅ ሲል ደግሞ ዳቡቅ አካባቢ የንጉሥ ሑሴን ፓርክ አለ፤ ሰፊ ነው፣ መንገዱ የተነጠፈ ነው፣ ሽንት ቤት አለው። ጉልበትሽን የሚያምሽ ከሆነ፣ ወይም ከወለድሽ ወይም ከኦፕሬሽን ቅርብ ጊዜ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ አትመኚ፤ እዚህ ለሦስት አራት ሳምንት ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ ተራመጂ። ደክሞሽ ብታቆሚ ታክሲ በር ላይ ነው።

አሁን ወደ ተራራውና ወደ ሐይቁ እንሂድ። ከወሎ የመጣሽ ሐይቅን፣ ከጎጃም ወይም ከጎንደር የመጣሽ ጣናን፣ ከአምቦ ወይም ከወሊሶ በኩል የመጣሽ ወንጪን እያሰብሽ ዮርዳኖስ ውስጥ ያንን ብትፈልጊ አታገኚውም። አገሩ ደረቅ ነው። ለአማን ቅርብ የሆነው በኮረብታ የተከበበ ውሃ ሰው የሠራው ነው፦ የንጉሥ ጠላል ግድብ፤ በ1970ዎቹ ያለቀ፣ ዘርቃ ወንዝ ላይ የተሠራ፣ ወደ ጀረሽ በሚወስደው መንገድ በኩል የሚገኝ። ዘርቃ ማለት መጽሐፍ ቅዱስ ያቦቅ የሚለው ወንዝ ነው፤ ያዕቆብ ሌሊቱን ሙሉ የታገለበት። በየካቲትና በመጋቢት ዙሪያው አረንጓዴ ሲሆን ከላይ ሆኖ ለማየት ያምራል፤ አገር ቤት ያለሽ ይመስልሻል። ግን ከላይ ብቻ። ወደ ግድቡ የሚገባው ውሃ በብዛት ታክሞ የተለቀቀ የአማንና የዘርቃ ከተማ ፍሳሽ ነው። አትዋኚበት፣ ፊትሽን አትታጠቢበት፣ ጠርሙስም አትሙዪበት። ዳርቻው ጭቃና ቀጥ ያለ ስለሆነ ሰው የሚሰምጥበትም ቦታ ነው።

የእኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ አጅሉን ነው። ከአማን ወደ ሰሜን ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሌላ አገር የገባሽ እስኪመስልሽ ድረስ ጫካ ነው። የአጅሉን የደን ጥብቅ ስፍራ የተከለለው በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን፣ ከዮርዳኖስ ጠፍታ የነበረችውን የዱር አጋዘን መልሰው ያራቡትም እዚሁ ነው። አጭሩ መንገድ በእሷ ስም የተጠራው የአጋዘን መንገድ ነው፤ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ዞሮ የሚመለስ፣ ምልክት ያለው፣ ያለ አስጎብኚ የሚሄዱበት። በስፖርት ጫማ፣ በቀስታ፣ እያረፍሽ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ስፖርት ከተማ ላይ ሠላሳ ደቂቃ ከተራመድሽ ይህንንም ትችዪዋለሽ።

ጉልበት ያላት ደግሞ ወደ ሳሙና ቤቱ የሚወስደውን ትያዝ፤ ወደ ሰባት ኪሎ ሜትር ነው። የመንደሩ ሴቶች ከወይራ ዘይት ሳሙና የሚሠሩበት ቤት ጋ ያደርስሻል። ሦስተኛው ለብዙዎቻችን ትርጉም ያለው ይመስለኛል፦ ወደ ማር ኤልያስ የሚሄደው፣ ወደ ስምንት ኪሎ ሜትር ተኩል የሚሆነው። ቴስብያዊው ኤልያስ የዚህ አካባቢ ሰው ነው ተብሎ ይታመናል፤ ኮረብታው ላይ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽና ባለ ቀለም የጠጠር ወለል አለ። በእግር መሄድ ያልቻለችም በመኪና ትደርስበታለች። ለረጅሞቹ መንገዶች የጥብቅ ስፍራው አስጎብኚ ያስፈልጋል፤ ክፍያም አላቸው። ከመሄድሽ በፊት አስደውዪና ዋጋውን፣ ኢቃማ ያለው ሰው በነዋሪ ዋጋ ይገባ እንደሆነም ጠይቂ፤ የቱሪስት ዋጋ ለአንድ ደመወዝተኛ ቀልድ አይደለም። አምስት ስድስት ሆናችሁ አንድ መኪና ብትይዙ ይቀላል። በአውቶቡስ ከሆነ የሚነሣው ጠበርቡር ካለው የሰሜን መናኸሪያ ነው። ዓርብ ቀን መኪናው ይቀንሳል፣ መመለሻውም ቀድሞ ያልቃል፤ ስለዚህ ስትወርጂ መጀመሪያ የምትጠይቂው የመጨረሻው መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሣ ይሁን።

«የዮርዳኖስ መንገድ» የሚባለውንም ሰምተሽ ይሆናል፤ ከሰሜን ኡም ቀይስ እስከ ደቡብ ዓቀባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድ የእግር መንገድ ነው። በአጅሉንና በጠላል ግድብ በኩል አልፎ ወደ ሰልጥ ይወርዳል። አንዱ ቀን ብቻ ከጠዋት እስከ ማታ ያስኬዳል፣ ምልክቱም ሁሉም ቦታ የለም። ከሚያውቅ ቡድን ጋር ካልሆነ ለአንድ ቀን ዕረፍት የሚሆን አይደለም።

ፈጽሞ የማልመክርሽ ወደ ሙት ባሕር የሚወርዱትን ጠባብ ሸለቆዎች ነው፤ «ዋዲ» የሚሏቸውን። ቲክቶክ ላይ ያማሩ ናቸው። እዚህ ዝናቡ የሚመጣው በእነሱ ክረምት፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ነው፤ አገር ቤት ሐምሌና ነሐሴ ሲዘንብ እዚህ ጠብታ የለም። ሸለቆው ላይ ፀሐይ ሆኖ ተራራው ላይ ከዘነበ ጎርፉ በደቂቃዎች ይደርሳል። በጥቅምት 2018 እ.ኤ.አ. በሙት ባሕር አጠገብ እንዲህ ያለ ጎርፍ ከ20 ሰው በላይ ገድሏል፤ አብዛኞቹ ለሽርሽር የወጡ ተማሪዎች ነበሩ። ጓደኛ «ነይ፣ ምንም አይልም» ብትልሽም እምቢ በዪ።

ዕቃ ብዙ አያስፈልግም። ለአንድ ሰው ቢያንስ ሊትር ተኩል ውሃ፣ በበጋ ከዚያም በላይ፤ ዳቦ፣ ተምር፣ ኮፍያ ወይም ነጠላ። ጫማ አዲስ አይሁን፤ አዲስ ጫማ ውኃ ቋጥሮ ሲያቆስልሽ ሰኞ ጠዋት በዚያ እግር ቆመሽ ትሠሪያለሽ። በጾም ቀን ሳትበዪ ዳገት አትጀምሪ፣ ረመዳን የምትጾሚም ከኢፍጣር በኋላ ሰፈር ውስጥ ይሻልሻል። የደም ማነስ ያለባት ቶሎ ዓይኗ ይጨልማል፤ ተቀመጪ፣ ጭንቅላትሽን ዝቅ አድርጊ፣ ጠጪ። ደረት ላይ ጫና፣ ወደ ክንድ የሚሄድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ካለ 911 ይደወል፤ አምቡላንስም ፖሊስም የሚመጣው በዚሁ ቁጥር ነው። አንዲት ወንድ ተከትሏት ያስቸገራትም ይህንኑ ትደውል። ስለዚህ ብቻሽን ጫካ አትግቢ፤ ቢያንስ ሦስት ሁኑ፣ የት እንዳላችሁም ላልመጣች ጓደኛ በስልክ ላኩላት።

ውሻ ከነከሰሽ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም፣ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቢውና በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነገ የሚባል አይደለም። «ማዳም ብትቆጣስ» ብለሽ አትደብቂ። ሕክምና ማግኘት በዚያው ደንብ የተጻፈ መብትሽ ነው፤ በዓመት 14 ቀን ደመወዝ የሚከፈልበት የሕመም ፈቃድም አለሽ።

ዕረፍት ጨርሶ የማይሰጥሽ ከሆነ ደግሞ ያልወጣሽባቸውን ሳምንታት ቀን እየጻፍሽ ያዢ፤ የጠየቅሽበትን መልእክትም አታጥፊ። አማን ውስጥ ተምኪን የሚባለው የሕግ ድጋፍ ድርጅት ለስደተኛ ሠራተኞች በነጻ ያማክራል፤ የሥራ ሚኒስቴርም አቤቱታ ይቀበላል። ሁለቱም ጋ ስትቀርቢ መጀመሪያ የሚጠይቁሽ ያንን የጻፍሽውን ነው።