ከካፋ የተወሰደውና በካፋ የቀረው

ከጅማ ተነሥቶ የጎጀብን ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቦንጋ የሚወጣ፣ ከዚያም በሺሺንዳ በኩል ወደ ሚዛን የሚያልፍ መንገደኛ፣ መናፈሻንና ቤተ መዘክርን በአጥራቸውና በበራቸው መለየት የለመደ እንደ ሆነ፣ በካፋ ምድር የቱ ጋ ገብቶ የቱ ጋ እንደሚወጣ ይቸግረዋል። ደኑ ከከተማው ጓሮ ይጀምራል፤ የጥንቱ መንግሥት ታሪክ በተራራውና በሸለቆው ተበትኖ ይገኛል፤ የቡናውም ነገር ከሁለቱ ጋር የተጋመደ ነው። ስለዚህ ካፋን ለጎብኚ ማስተዋወቅ የሚሻ ጸሐፊ፣ በዐይን ከሚታየው አስቀድሞ ከስፍራው የተወሰደውን ሊናገር ይገባዋል።

የካፋ መንግሥት፣ ንጉሡ «ታቶ» የሚባልበት፣ ሚክረቾ የተባለ ጉባኤ መማክርት የነበረው፣ ዳር ድንበሩንም በጥልቅ ጉድባና «ኬሎ» በሚባሉ የሚጠበቁ በሮች ያጸና መንግሥት ነበር። በ1889 ዓ.ም. ራስ ወልደ ጊዮርጊስ የዳግማዊ ምኒልክን ሠራዊት መርተው በዘመቱ ጊዜ፣ የመጨረሻው ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ወራት የፈጀ ተጋድሎ አድርገው በፍጻሜው ተማረኩ፤ ቀሪ ዘመናቸውንም በግዞት ጨረሱ። የመንግሥቱን ዘውድ ዳግማዊ ምኒልክ ለስዊሳዊው አማካሪያቸው ለአልፍሬድ ኢልግ ሰጡት፤ ይህንም ያደረጉት ዘውዱ በአገር ውስጥ ቢቆይ ለካፋ ሰዎች የመነሣሣት ምክንያት እንዳይሆን አስበው ነው ይባላል። ኢልግ ወደ ዙሪክ የወሰደው ይህ ዘውድ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስዊስን በጎበኙበት በ1947 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመለሰ፤ ይሁን እንጂ የተመለሰው ወደ አዲስ አበባ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ ካፋ የገባው ኦስትሪያዊው ፍሪድሪሽ ቢበር የሰበሰበውም ዕቃ ዛሬ በቪየና ቤተ መዘክር ይገኛል። እንግዲህ ንዋየ መንግሥቱን ለማየት የጓጓ ሰው በቦንጋ ኮረብታ ከሚደክም ይልቅ ሌላ መንገድ ቢይዝ ይሻለዋል፤ ነገሩ ቢያሳዝንም እውነቱ ይኸው ነው።

ቡናም እንደ ዘውዱ ተሰድዷል። ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ በየመን ተዘራ፤ ከየመንም ጥቂት ፍሬ ወደ ህንድና ወደ ጃቫ ሄደ፤ እ.ኤ.አ. በ1714 የአምስተርዳም ሹማምንት ለፈረንሳዩ ንጉሥ ለሉዊ 14ኛ አንድ የቡና ተክል በስጦታ ላኩ፤ በምዕራቡ ዓለም ከተተከለው ቡና እጅግ ብዙው ከእነዚህ ጥቂት እናቶች የተራባ ነው። ይህ የቡና ዝርያ አበባው ራሱን በራሱ የሚያዳቅል በመሆኑ ልጁ ወላጁን እጅግ ይመስላል፤ በዚህም ጠባዩ አንድ መቅሠፍት በወረደ ጊዜ እርሻው ሁሉ በአንድነት ይታመማል። እ.ኤ.አ. ከ1869 ጀምሮ የቅጠል ዋግ በሴይሎን ደሴት የነበረውን የቡና እርሻ ጨርሶ ገበሬውን ወደ ሻይ ተክል ያዞረው ስለዚህ ነው።

ሊወሰድ ያልቻለው ደኑ ነው። በዋንዛ፣ በቀረሮና በሌሎችም ታላላቅ ዕፀዋት ጥላ ሥር የሚበቅለው የጫካ ቡና ማንም ያልዘራው፣ ቀጥኖ ወደ ብርሃን የሚመዘዝ፣ ፍሬውም እጅግ ጥቂት የሆነ ነው፤ በምርቱ ብዛት የሚመዝነው ነጋዴ ይንቀዋል። ሊቃውንተ ዕፀዋት ግን አንዱ ግንድ ከሌላው የተለየ ጠባይ መያዙን ያደንቃሉ፤ ይህ አድናቆት ብቻ ሆኖ እንዳልቀረም እኛው አይተነዋል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ በገባ ጊዜ፣ በጅማ አጠገብ መልኮ ያሉት ተመራማሪዎች በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ፈልገው ያገኙት በደቡብ ምዕራቡ ከሚበቅለው ቡና መካከል ነበር፤ ዛሬ ገበሬው 74110 እያለ በቁጥር የሚጠራው ቡና ከኢሉባቦር ተመርጦ የወጣ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ዩኔስኮ የመዘገበው የካፋ ባዮስፌር ሪዘርቭ ከ760,000 ሄክታር በላይ ስፋት ያለው ሲሆን፣ ሥርዐቱም በሦስት ክፍል የተደራጀ ነው፦ መካከሉ ሰው እጁን የማያስገባበት እምብርት፣ ዙሪያው በመጠን የሚጠቀሙበት መከለያ፣ የቀረው ሰፊው ምድር ደግሞ ሰው የሚያርስበትና የሚኖርበት ነው። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት በመከለያው ውስጥ ይገኛል። ጎብኚው በዚያ ኮረሪማ የሚለቅሙ፣ ጥምዝ የሚያደርቁ፣ በረጃጅም ዛፎች ላይ ቀፎ የሚሰቅሉ ሰዎችን ያያል። የካፋ ሰው «ኮቦ» በሚለው ጥንታዊ ልማድ፣ ቀፎ የሚሰቀልበት የደን ድርሻ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ኖሯል፤ ማሩ የሚገኝበትን ዛፍ ባለ ኮቦው በከንቱ አይቆርጥም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ በቦንጋ የተጀመረው አሳታፊ የደን አስተዳደርም ለመንደር ማኅበራት ደኑን የመጠበቅ ግዴታ ከመጠቀም መብት ጋር አስረከበ። ደኑን ከሰው አጥሮ መጠበቅ ይሻል ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ባለቤት የሌለው ደን ዘብ ቢበዛለትም አይተርፍም ባይ ነኝ።

በቦንጋ የሚገኘው ብሔራዊ የቡና ቤተ መዘክር ከኢትዮጵያ ሚሌኒየም በዓል ጋር ተያይዞ የታቀደ ነው፤ በከተማው አካባቢም የባርታ ፏፏቴና የእግዚአብሔር ድልድይ የሚባለው፣ የሰው እጅ ያልሠራው የድንጋይ ድልድይ አለ። በዴቻ ወረዳ ያለው የማንኪራ ደን የቡና መገኛ ነው ተብሎ የሚከበር ስፍራ ነው። ቤተ መዘክሩን ከማንኪራ በኋላ ማየት ይበጃል፤ እሸት ቡና በቅርንጫፉ ላይ፣ ጀንፈልም በአልጋ ላይ ሲደርቅ ያየ ሰው በመስታወት ውስጥ ያለውን በሌላ ዐይን ይመለከታልና። ለዚህም ፍሬው ቀልቶ የሚለቀምባቸው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ያሉት ወራት ይመረጣሉ።

ሺሺንዳን አልፎ ወደ ሚዛን የሚቀጥል መንገደኛ ከዚያ ወዲያ ወደ ጌሻ አቅጣጫ መሄድ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የእንግሊዝ ሹማምንት ከዚያ ያወጡት የቡና ፍሬ በኬንያና በታንጋኒካ፣ ኋላም በኮስታሪካ በኩል ፓናማ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ2004ም በዚያ አገር የቡና ውድድር አሸንፎ በጨረታ ዋጋው ዓለምን አስደነቀ። በጌሻ ደን ግን የዚያ ቡና ዘመዶች ከጥላው ሥር ዛሬም ይለቀማሉ፤ ዋጋቸውም የአገር ገበያ ዋጋ ነው።