ቂም የማያወርስ ሞት

አንባቢ ሆይ! ትምህርትህን ጨርሰህ በመሥሪያ ቤትህ ትእዛዝ ወደ ጋምቤላ ብትላክ፥ የባሮን ወንዝና የቆላውን ሙቀት ሳትለምድ ለቅሶ መድረስህ አይቀርም። አጠገብህ የሚሠራው ጸሐፊ ወንበር አንድ ቀን ባዶ ይሆናል፤ ዘመድ ሞቶበታል ይሉሃል። ሄደህ ከሐዘንተኞቹ ጋር ትቀመጣለህ። በዚያ ሰዓት በልብ የሚመላለሰው ጥያቄ ለደገኛውም ለቆለኛውም አንድ ነው። የሞተው ወገናችን ጠፍቶ ቀረን? እኛስ ከሞቱ ምን እንወርሳለን?

የአኙዋክ አባቶች ለሁለተኛው ጥያቄ የቆየ መልስ አላቸው። ተበድሎ የሞተ ሰው ቂሙ አብሮት አይቀበርም፤ በበዳዩ ላይ መከራ ያመጣል ይላሉ። ይህንንም «አቺየኒ» ይሉታል። ስለዚህ የሟች የመጨረሻ ቃል እጅግ ይፈራል። እንግሊዛዊው የባህል ተመራማሪ ጎድፍሬይ ሊንሃርት ስለ አኙዋክ የሞት አስተሳሰብ በ1954 ዓ.ም. ጽፎበታል። ይህን ሰምተህ እንግዳ ነገር ነው አትበል። በደጋውም አገር የሟችን ኑዛዜ ማፍረስ ያስፈራል፤ ደም መላሽም ጠመንጃውን የሚያነሣው የሟቹን ቂም ወርሶ ነው።

ከጋምቤላ ከተማ ባሮን ተከትለህ ስትወርድ ፖክዎ የሚባል ስፍራ አለ፤ ትርጓሜው «የሕይወት መንደር» ማለት ነው። አሜሪካዊው የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮናዊ ዶን ማክሉር ብዙ ዓመት በሱዳን ከሠሩ በኋላ፥ በ1940ዎቹ መጀመሪያ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃድ ተቀብለው ሥራቸውን በዚህ ጀመሩ። ወንጌል ከትምህርትና ከሕክምና ጋር ለአኙዋኮች ደረሰ። በመጨረሻው ዘመናቸው ግን ማክሉር ከጋምቤላ እጅግ ርቀው በኦጋዴን በጎዴ ይሠሩ ነበር። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. ሽምቅ ተዋጊዎች ተኩሰው ገደሏቸው። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ነበር። አብሯቸው የነበረው ወንድ ልጃቸው ተረፈ፤ እርሳቸውም በዚያው በጎዴ ተቀበሩ።

እንግዲህ ሕይወትን ሲሰብክ የኖረ ሰው በጥይት ሲሞት ስብከቱ ሐሰት ሆነ ማለት ነውን? የክርስትና ተስፋ ሰው አይሞትም አይልም። ጌታ ራሱ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ አልቅሷል፤ በመስቀልም ላይ ሞቷል። ነገር ግን ያለ በደል ሲገደል ለገዳዮቹ ይቅርታን ለመነ፤ በሦስተኛው ቀን ሲነሣም ሊበቀል አልመጣም። ትንሣኤን የሚያምን ሰው የሟቹ ነገር በእግዚአብሔር እጅ እንዳለ ያምናልና፥ ደሙን እኔ ካልመለስሁ ከንቱ ሆኖ ቀረ ብሎ አይጨነቅም።

ይህን መናገር ቀላል ነው፤ መኖሩ ከባድ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2008 ዓ.ም. ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች በጋምቤላ የኑዌር መንደሮች ላይ ወርደው ከ200 በላይ ሰዎች ገደሉ፤ ከ100 የሚበልጡ ሕፃናትም ወሰዱ። አገሩ ሁሉ ሁለት ቀን ሐዘን ተቀመጠ። ከሕፃናቱ ከፊሎቹ በኋላ ተመልሰዋል። ልጇ ላልተመለሰላት እናት «ተስፋ አድርጊ» ለማለት የማን አፍ ይደፍራል? የእኔስ አይደፍርም። ይቅርታም ፍርድን አይሽርም፤ ገዳይ ሊያዝ፥ ሕፃን ሊመለስ ይገባል። ሆኖም የወንጌል ተስፋ በዚህ ለቅሶ መካከል አንድ ሥራ አለው። የወዲያኛውን ወገን ሕፃን የገዳይ ዘር ብሎ እንዳይቈጥረው የሐዘንተኛውን ልብ ይጠብቃል።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፥ ለቅሶ ቤት ስትደርስ ብዙ አትናገር። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» በልና ተቀመጥ፤ ከሚያለቅሰው ጋር አልቅስ። የሟቹ እምነት በሞት አልጋው ላይ ተፈትኖ አልፏል። የእኛ የቀሪዎቹ ግን የሚፈተነው ድንኳኑ ከተነቀለ፥ አርባውም ከወጣ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ከሟቹ የወረስነው ቂሙን ነው ወይስ ተስፋውን፥ ጎረቤቶቻችን ከሥራችን ያውቁታል።