በሙቀት የሚፈተነው ክሪስታል፦ ሊቲየም ኒዮቤት

በካዛንቺስ መንገድ ላይ በእጅ ስልኩ የሚነጋገር ሰው፣ እንዲሁም በዚያው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1961 በተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽ የሚካሄድን ጉባኤ ከሌላ አህጉር ሆኖ በኢንተርኔት የሚከታተል ታዳሚ፣ ስሙን ሳያውቁት ሊቲየም ኒዮቤት በሚባል ክሪስታል ወይም በቅርብ ዘመዱ በሊቲየም ታንታሌት ሊገለገሉ ይችላሉ። በስልኩ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማጣሪያዎች የኤሌክትሪኩን ምልክት በክሪስታሉ ገጽ ላይ ወደሚጓዝ ንዝረት እየለወጡ አንዱን የሬዲዮ ሞገድ ከሌላው ይለያሉ፤ በረጅሙ የፋይበር መስመር ጫፍ የሚገኘው ሞዱሌተር ደግሞ በክሪስታሉ ላይ የሚያርፈውን ቮልቴጅ በመቀያየር የሌዘሩን ብርሃን መልእክት ያሸክመዋል።

ሊቲየም፣ ኒዮቢየምና ኦክስጅን የተዋሐዱበት ይህ ክሪስታል ከምድር ተቆፍሮ አይወጣም፤ የሚቆፈሩት ንጥረ ነገሮቹ ናቸው፤ እነርሱም በጉጂ ዞን ቀንጢቻ፣ በታንታለም ማዕድኑ በሚታወቀው ዐለት ውስጥ፣ ጎን ለጎን ይገኛሉ። ከማዕድኑ እስከ ክሪስታሉ ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው። ትልልቅ ነጠላ ክሪስታሎች የተገኙት እ.ኤ.አ. በ1965 ሲሆን፣ የተሠሩበትም የፖላንዱ ኬሚስት ያን ቾክራልስኪ በ1916 የደረሰበት የመጎተት ዘዴ ነው። እጅግ የጠሩ የሊቲየም ካርቦኔትና የኒዮቢየም ኦክሳይድ ዱቄቶች ተቀላቅለው ከተጋገሩ በኋላ በፕላቲነም ዕቃ ውስጥ በ1250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣሉ፤ ከዚያም ትንሽ የዘር ክሪስታል የቅልጡን ገጽ እንዲነካ ተደርጎ፣ በዝግታ እየተሽከረከረ፣ በሰዓት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ወደ ላይ ይሳባል። ጧፍ በተደጋጋሚ ሰም ውስጥ እየተነከረ እንደሚወፍር ሳይሆን፣ ክሪስታሉ አንዴ በጀመረው ጉዞ፣ ከዘሩ የአቶም አሰላለፍ ዝንፍ ሳይል ያድጋል።

ንጹሑ ክሪስታል ግን ድካም አለበት፤ ብርቱ የሌዘር ብርሃን ሲያልፍበት ብርሃን የማጠፍ ባሕርዩ ስለሚዛባ ጨረሩ ይበታተናል፤ ይህም በ1966 ታወቀ። መድኃኒቱ ባዕድ ንጥረ ነገር በልክ መጨመር ሲሆን፣ አምስት በመቶ ገደማ የማግኒዚየም ኦክሳይድ ክሪስታሉን ብርሃን እንዲችል ያደርገዋል፤ ብረት በአንጻሩ ይህንኑ መዛባት ስለሚያባብሰው ሆሎግራም ለመቅረጽ ለሚፈልጉ ይጠቅማል። ባዕዱ አቶም በቅልጡ ውስጥ ባለው መጠን ልክ ወደ ጠጣሩ ስለማይገባ የክሪስታሉ ራስና ጅራት ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት አይሆኑም፤ የሙያው ዋና ፈተናም ይህ ይመስላል።

ሙቀት ወሳኝ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ክሪስታሉ ሲሞቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይሰፋም፤ በአንዱ ዘንግ የሚሰፋው በሌላው ከሚሰፋው እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ከምድጃው ወጥቶ በችኮላ የቀዘቀዘ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ የሙቀት ለውጥ በገጹ ላይ የኤሌክትሪክ ሙላት ይፈጥራል። ሙቀት የሚያስተላልፈውም ከመዳብ መቶኛ እጅ ያህል ብቻ፣ በሜትር በኬልቪን አራት ዋት አካባቢ በመሆኑ፣ በውስጡ የተጠራቀመ ሙቀት ቶሎ አይወጣም፤ የተጨመሩት ባዕድ አቶሞችም ሙቀት ተሸካሚ ንዝረቶችን እየበተኑ አስተላላፊነቱን ሊያሳንሱት ይችላሉ።

ሙቀት በውስጡ የሚሰራጭበት ፍጥነት የሚለካው ከክሪስታሉ የተቆረጠ፣ ውፍረቱ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር የሆነ ዝርግ ናሙና በአንድ ገጹ የአፍታ የብርሃን ብልጭታ ተመትቶ፣ የጀርባው ገጽ ሙቀት ወደ ከፍተኛው መጠን እኩሌታ ለመድረስ የሚፈጅበት የሰከንድ ክፍልፋይ ሲመዘገብ ነው። ናሙናው ብርሃን አሳላፊ በመሆኑ ብልጭታው ሰንጥቆት እንዳያልፍ ሁለቱም ገጾቹ አስቀድመው ግራፋይት ይቀባሉ። ውጤቱ በተናጠል በተለኩት እፍጋትና ሙቀት የመያዝ አቅም ሲባዛ የሙቀት አስተላላፊነቱ ይገኛል፤ ልኬቱም ለየዘንጉ፣ ለየጭማሪው መጠን፣ ከራሱና ከጅራቱ በተቆረጡ ናሙናዎች ይደገማል፤ ምክንያቱም ለንጹሑ ክሪስታል የተዘጋጀ ሠንጠረዥ ማግኒዚየም የገባበትን ለማቀዝቀዝም ሆነ በሌዘር ውስጥ ለመግጠም አስተማማኝ መነሻ አይሆንም።