ፀሐይን እያየ የሚታጠፍ መጋረጃ

አቡ ዳቢ ውስጥ አል ባህር የሚባሉ ጥንድ ግንቦች አሉ። መልካቸው እንደ ሰዓቱ ይለዋወጣል፤ ጠዋት ተሸፍኖ የነበረው ምሥራቃዊ ጎን ከሰዓት በኋላ ተገልጦ መስታወቱ ይታያል። መጋረጃቸው ያለው ውስጥ ሳይሆን ውጭ ነው።

ኤዳስ የተባለው የሥነ ሕንፃ ድርጅት ከአሩፕ መሐንዲሶች ጋር የነደፋቸው እነዚህ ግንቦች የተጠናቀቁት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። በእያንዳንዳቸው ላይ ከ1,000 የሚበልጡ መጋረጃዎች ከመስታወቱ 2 ሜትር ያህል ርቀው በብረት ላይ ቆመዋል። ቴፍሎን የተቀባ የፋይበርግላስ ሸራ የተወጠረባቸው ስለሆኑ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋሉ፣ ይታጠፋሉ። የፀሐይዋን የዕለት ጉዞ የሚቆጣጠራቸው ኮምፒውተር አስቀድሞ ስለሚያውቀው ብርሃኗ የሚያርፍበትን ጎን ብቻ ይሸፍናል። ብርቱ ነፋስ ሲነሣ ደግሞ መጋረጃዎቹን እንዲያጥፍ የነፋስ መለኪያ ለኮምፒውተሩ ይነግረዋል። ፀሐይ እምብዛም የማትበረታበት ሰሜናዊው ጎን መጋረጃ የለውም።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ውስጥ መጋረጃ መስቀል አይበቃም ነበር?

አይበቃም። ብርሃን መስታወቱን አልፎ ወለልና ዕቃ ላይ ሲያርፍ ሙቀት ይሆናል፤ መስታወት ደግሞ ብርሃኑን በቀላሉ ያስገባል እንጂ ያንን ሙቀት በቀላሉ መልሶ አያስወጣም። ውስጥ የተሰቀለ መጋረጃ ዓይን ከሚወጋ ነጸብራቅ ያድናል። ነጭ ከሆነ ጥቂቱን ብርሃን ወደ ውጭ ይመልሳል። የቀረው ግን ገብቷል፤ መጋረጃው ራሱ ግሎ ክፍሉን ያሞቃል። ነዳፊዎቹ የአል ባህር መጋረጃዎች ወደ ውስጥ የሚገባውን የፀሐይ ሙቀት በግማሽ ያህል ይቀንሳሉ ማለታቸው ከዚህ የመጣ ነው።

ሐሳቡ የተቀዳው ከመሽረቢያ ነው፤ ካይሮን በመሳሰሉ ከተሞች የቆዩ ቤቶችን መስኮት ከሚሸፍነው የእንጨት ፍርግርግ። ዣን ኑቬልና ባልደረቦቹም እ.ኤ.አ. በ1987 ፓሪስ ላይ በተከፈተው የአረብ ዓለም ኢንስቲትዩት ደቡባዊ ገጽ 240 የብረት መሽረቢያዎች ደርድረው ነበር፤ ቀዳዳዎቻቸው በካሜራ ሌንስ አሠራር ይሰፋሉ፣ ይጠብባሉ። ብዙዎቹ ግን ተበላሽተው ለዓመታት ቆሙ። የሚንቀሳቀስ ነገር ጥገና ይፈልጋል፤ ሕንፃውን የሚያስገነባ ሰው ይህን ወጪ ሲያስብ እምብዛም አይታይም።

አዲስ አበባ ይህን ያህል ሞተር የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ፣ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናቷ ላይ ትውላለች። በእነዚህ ሁለት ጊዜያት መካከል ባሉት ወራት ወደ ሰሜን፣ በቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። በሁለቱም ወገን እኩለ ቀን ላይ ከፍ ብላ ስለምትውል ከመስኮቱ በላይ ወጣ ያለ የኮንክሪት ጠርዝ ወይም በረንዳ ይበቃል። አየሩም ደጋ ነው፤ ጥላ ያገኘ ክፍል ቶሎ ይቀዘቅዛል።

አስቸጋሪው ምዕራብን የሚያይ መስታወት ነው። ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ ፀሐይ ዝቅ ብላ ከጠርዙ ሥር ትገባለች፤ ሠራተኛው መጋረጃውን ጥርቅም አድርጎ ዘግቶ በጠራራ ፀሐይ አምፖል ያበራል። ለዚህ ጎን የሚሻለው ከመስኮቱ ውጭ ቀጥ ብለው የቆሙ ሰሌዳዎች ናቸው። በእጅ የሚዞሩ ሆነው ከተሠሩ ጠዋት ተከፍተው ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ከፀሐይዋ በተቃራኒ ይዞራሉ።