ዶሮ በድንገት ከረከሰ፣ ነጋዴው ይጠንቀቅ!

ማታ ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት ሞታ ትገኛለች። በማግስቱ ሁለት ሦስት ይከተላሉ፤ ሳምንት ሳይሞላ ጓሮው ጭር ይላል። በወልድያ፣ በመርሳና በሀብሩ ገጠር ዶሮ ለሚያረባ ቤተሰብ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ ዓይን ነው ይላል፣ ሌላው ጎረቤቱን ይጠረጥራል። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የአንገት መጠማዘዝና የትንፋሽ መቆራረጥ ከታየ ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ ፈንግል ነው። ስሙም ግብሩን ይመስላል።

ባለሙያዎች "ኒውካስል" ይሉታል፤ እ.ኤ.አ. በ1926 በሽታው በታወቀባት የእንግሊዝ ከተማ ስም ነው። ቫይረስ በመሆኑ መድኃኒት የለውም። ያልተከተበ መንጋ ውስጥ ከገባ ሁሉንም ሊጨርስ ይችላል።

ታዲያ የገበያ ገጽ በዚህ ምን አገባው? እጅግ አገባው እንጂ! የሞተች ዶሮ በክት ናት፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አይበላትም። ስለዚህ ባለቤቲቱ አንዷ እንደሞተች የቀሩትን እግራቸውን አስራ ወደ ገበያ ትሮጣለች። ልትወቀስ አይገባም፤ የሸንኮራና የጨው፣ የልጅ ደብተር መግዣዋ ያ ነው። ዋጋው ሲወርድ ሰብሳቢው "ዛሬ ቀናኝ" ብሎ ያነሳል። ዶሮዎቹ ከሌሎች ጋር በአንድ ቅርጫት ታጉረው በመኪና ጣሪያ ወደ ወልድያ ወይም ወደ ደሴ ይጫናሉ። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ከ2 እስከ 15 ቀን ሊቆይ ስለሚችል፣ በመርሳ ጤነኛ መስላ የተገዛችው በመንገድ ወይም በገዥው ጓሮ ትወድቃለች። የቀናው ነጋዴ ኪሳራውን ራሱ ጭኖ ሄደ ማለት ነው። ያልተሸጡት ወደ መንደር ሲመለሱ ደግሞ በሽታውን ለሌላው ቀበሌ ያደርሳሉ።

ከሞቱ ይልቅ ወሬው የሚከፋበት ጊዜም አለ። በ1998 ዓ.ም. የወፍ ጉንፋን ስጋት በአገሪቱ ሲናፈስ በሽታው በምርመራ ሳይረጋገጥ ገዥ ከዶሮና ከእንቁላል ሸሽቶ ነበር። ምክንያቱ ያልታወቀ ሞት ገበያን እንዲህ ያስደነግጣል።

መከላከያው ክትባት ነው፤ ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት አምራች ተቋም ያመርተዋል። ችግሩ አቀራረቡ ላይ ነው። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። አምስት ዶሮ ያላት እናት ብቻዋን ገዝታ ምን ታደርገዋለች? አብዛኛው ክትባትም ቅዝቃዜ ይፈልጋል። ሙቀት የተሻለ የሚቋቋመው፣ በዓይን የሚንጠባጠበው ዓይነት ለገጠር ይመቻል፤ ግን በየ4 ወሩ ገደማ መደገም አለበት።

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች ይባላል። የአንድ ዶሮ የክትባት ድርሻ ደግሞ ከአንድ እንቁላል ዋጋ ያንሳል። ሒሳቡ እንዲህ ከሆነ፣ ሰብሳቢዎች ገንዘብ አዋጥተው፣ የወረዳውን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ይዘው፣ ሸቀጣቸው የሚመጣበትን መንደር ከዝናብ መግቢያ በፊት ቢያስከትቡ ለባለቤቲቱ ያደረጉት ቸርነት ሳይሆን ለራሳቸው ካፒታል የገዙት ዋስትና ነው። በሽታው ከገባ በኋላ መሯሯጥ ግን ፋይዳው ትንሽ ነው፤ ክትባቱ ኃይል እስኪያገኝ አንድ ሁለት ሳምንት ይወስዳል።

ቤት ለማርባት የሚገዛም አዲሷን ዶሮ ለሁለት ሳምንት ለብቻዋ ያቆይ። የሞተችውን ለውሻ መወርወር ይቅር፤ ጠለቅ ተደርጎ ይቀበር። ሞቱ ከበዛ ደግሞ ለወረዳው ባለሙያ ይነገር፤ ናሙናው ኮምቦልቻ ባለው የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ ሊታይ ይችላል። የዶሮ ኮሌራም በድንገት ይገድላልና ፈንግል ነው ብሎ በግምት መደምደም አያዋጣም።