ዘመድ በረሃ ላይ ሲሰበሰብ

«ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ካመዱ» ይባላል። አገር ቤት ዘመድ ከዘመዱ ለመገናኘት ቀጠሮ አያስፈልገውም። ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ ክርስትናው፣ ሰደቃው፣ ዓመት በዓሉ በየተራ ይጠራዋል። አሜሪካ ያለው ዘመዳችን ግን እንዲህ አይመቸውም። አንዱ ላስ ቬጋስ፣ አንዱ ሎስ አንጀለስ፣ ሌላው ፊኒክስ ይኖራል። አንዱ ከሥራ ሲወጣ ሌላው ሌሊት ፈረቃ ይገባል። ስለዚህ መገናኘት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆንና ቀን ይቆረጥለታል፣ ገንዘብ ይዋጣለታል፣ ቤት ይከራዩለታል። አሜሪካኖቹ «ፋሚሊ ሪዩኒየን» ይሉታል። እኔ እዚህ «የቤተሰብ ጉባኤ» እለዋለሁ።

በዚህ ጽሑፍ ላስረዳ የፈለግሁት እንዲህ ያለው ጉባኤ ከከተማ ርቆ፣ በረሃ ውስጥ በሚገኝ የእንግዳ ማረፊያ ግቢ ሲደረግ ምን ምን እንደሚጠይቅ ነው። ጉዳዩን በቅርብ ያወቅሁት በ2017 ዓ.ም. ግንቦት ወር ነው። የእናቴ ወገን ዘመዶች 34 ሆነው ካሊፎርኒያ ውስጥ ሲሰበሰቡ እኔ ከአዲስ አበባ በስልክ የዝግጅቱ ጸሐፊ ነበርኩ። «ጋዜጠኝነት ትማሪ የለ? በይ እንግዲህ ጻፊ!» ብላ ሥራውን የሰጠችኝ አክስቴ ናት።

ልማዱ ከየት መጣ?

የቤተሰብ ጉባኤ በብዙ አሜሪካውያን ዘንድ ቢኖርም በጥቁር አሜሪካውያን ዘንድ ያለው ቦታ የተለየ ነው። በባርነት ዘመን ባል ከሚስቱ፣ ልጅ ከእናቱ ተነጥሎ ይሸጥ ነበር። ባርነት እ.ኤ.አ. በ1865 በሕግ ሲቀር ነፃ የወጡት ሰዎች የጠፉ ዘመዶቻቸውን ለማግኘት በጋዜጣ ማስታወቂያ ያወጡ ነበር (ጋዜጣ ለዚህም አገልግሏል፤ ልብ እንበል)። ከዚያም ከ1910ዎቹ እስከ 1970 ድረስ ስድስት ሚሊዮን ያህል ጥቁሮች ከደቡብ ወደ ሌሎች ግዛቶች ፈለሱ። የቤተሰብ ጉባኤ የተበተነውን መልሶ ማወቂያ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1977 «ሩትስ» የተባለው ተከታታይ ፊልም በቴሌቪዥን ከታየ ወዲህ ደግሞ የዘር ሐረግን የመፈለጉ ነገር ይበልጥ ተስፋፋ። አክስቴም ልማዱን ያየችው ከጥቁር አሜሪካውያን የሥራ ባልደረቦቿ ነው።

ለምን በረሃ?

ቦታው «ሃይ ዴዘርት» የሚሉት ደጋማ በረሃ ነው፤ ከሎስ አንጀለስ በስተምሥራቅ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጆሹዋ ትሪ ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ይገኛል። ከላስ ቬጋስም ከፊኒክስም በመኪና በግማሽ ቀን ይደረሳል። «ደጋማ» ሲባል ታዲያ የእኛን ደጋ እንዳታስቡ። የጆሹዋ ትሪ ከተማ ከፍታ 830 ሜትር ገደማ ሲሆን የእኛዋ ድሬዳዋ እንኳ 1,200 ሜትር ገደማ ናት። ደጋ ያሰኘው ከታች ካለው ከፓልም ስፕሪንግስ ቆላ ጋር ሲነጻጸር ነው። ጆሹዋ ማለት ኢያሱ ነው። ዛፉ ከቃጫ ጋር የሚዛመድ፣ ቅጠሉ እንደ ጩቤ የሾለ ተክል ሲሆን ስሙን ያገኘው ቅርንጫፎቹ እጁን ወደ ሰማይ የዘረጋውን ኢያሱን ስለሚያስታውሱ ነው ይባላል። ስፍራው እ.ኤ.አ. በ1936 ተከልሎ በ1994 ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል።

ቤቶቹ እርስ በርስ የተራራቁበት ምክንያትም ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣ ሕግ መንግሥት የበረሃ መሬት እስከ ሁለት ሄክታር እየከፋፈለ በትንሽ ዋጋ ለግለሰቦች እንዲሰጥ ፈቀደ። ወሳጁ ደግሞ ትንሽ ቤት እንዲሠራበት ይጠበቅ ነበር። ዛሬ ከእነዚያ ጎጆዎች አንዳንዶቹ ታድሰው ለእንግዳ ይከራያሉ።

ለቤተሰብ ጉባኤ የሚፈለገውም ይኸው ርቀት ነው። ሎስ አንጀለስ ቢሆን ሁሉም እራቱን በልቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ ወደየቤቱ ይበተናል። እዚህ ግን ወዴት ይኬዳል?

ሰፈርን ይዞ መሄድ

ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ርቀት ነው። አገር ቤት ድግስ ሲኖር እድሩ ድንኳንና ድስት ያመጣል፣ ጎረቤት ወንበር ያውሳል፣ ጨው ቢጠፋ ልጅ ይላካል። በረሃ ላይ ሰፈር የለም። አዘጋጁ ሰፈሩ የሚሠራውን ሁሉ ቀድሞ አስቦ ይዞት መሄድ አለበት። ዋና ዋናዎቹን ልዘርዝር።

ሀ) የሰው ቁጥር፡- የነዚህ ቤቶች ፍሳሽ የሚገባው ግቢው ውስጥ ወደተቀበረ ጉድጓድ ነው። ሰው ከበዛ ጉድጓዱ ይሞላል። ስለዚህ በየቤቱ የሚያድረው ሰው ቁጥር የተወሰነ ነው። ዘመዶቼ ተቀራራቢ የሆኑ ሦስት ቤቶች ተከራይተው፣ በትልቁ ግቢ ለመሰብሰብ ባለቤቱን አስቀድመው በጽሑፍ አስፈቅደዋል። ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ውጭ ከበሮ መምታት አይቻልም። በረሃ ላይ ድምፅ ሩቅ ይሄዳልና ጎረቤቱ ባይታይም ይሰማል።

ለ) ውሃ፡- የፓርኩ ምክር ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ አራት ሊትር ያህል የሚጠጣ ውሃ ነው። ለ34 ሰው ለሦስት ቀን ከ400 ሊትር ይበልጣል። አንዳንዶቹ ቤቶች ውሃ የሚያገኙት በቦቴ ነውና ቤት ሲያዝ ይህን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሐ) መንገድ፡- አብዛኛው የውስጥ መንገድ አሸዋ ነው፣ መብራትም የለውም። ስለዚህ ከጨለማ በፊት መድረስ ይገባል። ፓርኩ ውስጥ ስልክ በአብዛኛው አይሠራም፤ ካርታው በወረቀት ታትሞ በየመኪናው ይደረጋል። የአረጋውያን መድኃኒት ዝርዝርና የቅርቡ ሆስፒታል አድራሻም አብሮ ይጻፋል።

መ) እሳት፡- ያለ ቡና ጉባኤ የለም። ግን ቁጥቋጦው ደረቅ፣ ነፋሱም ኃይለኛ ስለሆነ ውጭ ከሰል ማቀጣጠል አደገኛ ነው። ቤት ውስጥ ደግሞ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል። ዘመዶቼ ያፈሉት በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ዕጣኑ ሲጨስ የጭስ ማስጠንቀቂያው ስለሚጮህ ረከቦቱ በረንዳ ላይ ወጣ።

ቀኑና ምግቡ

በጋቸው ከ38 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል፣ በክረምታቸው ሌሊቱ ውሃ ያረጋል። ደህናው ወቅት ጸደይና መኸር ነው። ታዲያ ጸደዩ ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጥማል፤ 55 ቀን ሙሉ ሥጋና ወተት የለም። እኛ ዘንድ የተገኘው መፍትሔ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ረቡዕና ዓርብ በማይጾሙባቸው ሃምሳ ቀናት ውስጥ ማድረግ ሆነ። በግንቦት ወር አሜሪካኖች የወደቁ ወታደሮቻቸውን የሚያስቡበት ሰኞ ስላለ ሦስት የዕረፍት ቀን ተገኘ። ሙቀቱ መጠንከር ቢጀምርም እኩለ ቀንን ጥላ ሥር ማሳለፍ ይቻላል።

ሌላም ነገር አለ። ዘሩ የወሎ ነው። በአንድ አያት ልጆች መካከል ክርስቲያንም እስላምም አለ። ወሎ ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ሥጋው ብቻ ይለያያል። ስለዚህ የጋራው ማዕድ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመንና ዓሣ ሆነ፤ ሥጋ ለፈለገ በየወገኑ በተለየ ድስት ተሠራ። እንጀራው ሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ካለው፣ እ.ኤ.አ. በ2002 «ሊትል ኢትዮጵያ» ከተባለው ሰፈር ተጭኖ ሄደ። የበረሃ አየር እንጀራን ቶሎ ስለሚያደርቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ መቀመጥ አለበት።

ዋናው ጉዳይ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? አክስቴን ያነሳሳት ነገር ይህ ነው። ላስ ቬጋስ በተደረገ ሠርግ ላይ ሁለት ወጣቶች ተዋወቁ፣ ስልክ ተለዋወጡ፣ ተቀራረቡም። ወሬው ሲደርሳቸው አያቴ ስማቸውን፣ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን ስም ጠይቀው ቆጠሩ። ልጆቹ በአራት ቤት ይገናኛሉ! እኛ ዘንድ እስከ ሰባት ቤት አይጋቡም። ልጆቹ ምን ያድርጉ? የነገራቸው የለም። ሰባት ቤት መቁጠር የሚችሉት ደግሞ እዚያ ካሉት ዘመዶች አያቴ ብቻ ናቸው፤ ዕድሜያቸው 81 ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ ለአያቴ ቆጠራ ተለቀቀ። እኔ ጥያቄዎቹን አዘጋጀሁ። የቅድመ አያትዎ ስም ማን ነው? ስንት ወለዱ? ማን ወዴት ሄደ? የውጭው መብራት ጠፋ (ፓርኩ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ በጨለማ ሰማይነቱ ዓለም አቀፍ ዕውቅና ያለው ነው)፣ ወንበር ዙሪያውን ተደረደረ። አያቴ አንድ ስም በጠሩ ቁጥር የዚያ ሰው ተወላጅ ይነሣል፤ አማርኛ የማይሰሙትን ትልልቆቹ ያስተረጉሟቸዋል። በአንድ ስም ላይ ከፊኒክስ የመጣች ሴትና ከላስ ቬጋስ የመጣ ሰውዬ እኩል ተነሡ። እዚያው አገር 20 ዓመት ሲኖሩ አይተዋወቁም ነበር።

ቅጂው ሲደርሰኝ የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የነፋስ ድምፅ ብቻ ነው። ቤት ከገቡ በኋላ ያለው ግን ጥርት ብሎ ይሰማል። እንግዲህ ለጋዜጠኝነት ተማሪ የሚጠቅመው ትምህርት ይኸውላችሁ፡- ውጭ ስትቀርጹ ለማይክራፎኑ የነፋስ መከላከያ አድርጉለት፤ ከሌለ ግቡ። ሁለት ስልክ ላይ ቅረጹ። ሽማግሌ ሲያወሩ ለማረም አታቋርጡ፣ ጥያቄውን ለመጨረሻ አቆዩት። ስምን ደግሞ እዚያው አስደግሙ፤ «ይማም» እና «ይመር» በቅጂ ላይ ይምታታሉ።

በነፋስ የጠፉትን ስሞች በስልክ ጠይቄ አያቴ አንድ በአንድ መለሱልኝ። አንዱ ብቻ ቀረ። «እሱን ደሴ ያለው ወንድሜ ነው የሚያውቀው፤ ሳይመሽበት ድረሺበት» አሉኝ። ለሴሚስተር ዕረፍት ደሴ እሄዳለሁ። ይህን የምታነቡ ሁሉ በየቤታችሁ ሰባት ቤት የሚቆጥር ሰው ማን እንደሆነ ጠይቁ። ለዚህ በረሃ መከራየት አያስፈልጋችሁም።